ነፃ የኢንተርኔት ማስተማሪያዎችና የክፍሉ መምህር፤ ከጉብሬ ሲታይ

በወልቂጤ ከተማ አስተዳደር ሥር የምትገኘው ጉብሬ ስሟ በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ካርታ ላይ የሰፈረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ውስጥ የኮምፒውተር ማዕከላት፣ የኔትወርክ መስመርና በኮምፒውቲንግና ኢንፎርማቲክስ ዘርፍ የሰለጠኑ መምህራን ይገኛሉ። ከግቢው ወጣ ሲባል ያሉት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን፣ እንደ አብዛኞቹ የአገሪቱ የገጠርና የአነስተኛ ከተማ ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ የተሟላ ቤተ ሙከራ፣ የማይቆራረጥ መብራትና አስተማማኝ የኢንተርኔት አገልግሎት የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ ነው። በአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ የሚታየው ይህ ልዩነት የጉብሬ ብቻ ባይሆንም፣ ከክፍያ ነፃ የሆኑ የኢንተርኔት ማስተማሪያዎች የክፍል ውስጥ ትምህርትን ምን ያህል ሊያጎለብቱ እንደሚችሉ ለመመርመር ግን ከዚያች ከተማ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ጉዳዩ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት ግልጽ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛውሮ በጥቅምት 2015 ሲሰጥ፣ ለፈተና ከተቀመጡት 896 ሺህ 520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር ማስታወቁ አይዘነጋም፤ በመቶኛ ሲሰላ 3 ነጥብ 3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ሆኗል። የመሻሻል አዝማሚያ መኖሩ የሚያበረታታ ቢሆንም፣ ከ10 ተፈታኞች 9ኙ የማለፊያ ነጥብ የማያገኙበት ሥርዓት በፈተና አሰጣጥ ጥብቅነት ብቻ ሊቃና አይችልም። መልሱ የሚገኘው ፈተናው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት፣ በክፍል ውስጥ በሚውለው የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው።

ነፃ የትምህርት ሀብቶች የሚባሉት ማንኛውም መምህር ያለ ክፍያ ሊጠቀምባቸው፣ ሊያባዛቸውና እንደ ፈቃዳቸው ዓይነትም ከራሱ ሁኔታ ጋር ሊያጣጥማቸው የሚችላቸው ጽሑፎች፣ ቪዲዮዎችና ሶፍትዌሮች ናቸው። ስያሜው በዩኔስኮ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ድርጅቱ አባል አገራት በጉዳዩ ላይ ሊከተሉት የሚገባውን የውሳኔ ሐሳብ ያጸደቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2019 ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሆኑ በርካታ መሳሪያዎች ተሠርተዋል። ካን አካዳሚ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን በአጫጭር ቪዲዮዎችና በመልመጃዎች ያቀርባል። በኦስትሪያ የሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው ማርኩስ ሆኸንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ጂኦጀብራ ግራፍንና ጂኦሜትሪን በኮምፒውተር ላይ ያንቀሳቅሳል። ከሁሉም በላይ ግን ለአገራችን የሳይንስ ክፍሎች ቅርብ የሆነው ፌት የተባለው የምስለ ሙከራዎች ስብስብ ነው።

ፌትን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ካርል ዊማን ከአንድ ዓመት በፊት በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ምሁር ናቸው። የዚህ ስብስብ ጠቀሜታ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ዑደትን የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ባትሪ፣ አምፖል፣ ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ከሌለው፣ ያለው አማራጭ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመር አስምሮ የኦምን ሕግ መጻፍ ነው። ተማሪው ቀመሩን ይገለብጣል፤ ለፈተናም ይሸመድደዋል። በምስለ ሙከራው ግን መምህሩ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፕሮጀክተር ባትሪውን ከአምፖሉ ጋር ያገናኛል፤ በሽቦው ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ለተማሪው ይታዩታል፤ አምፖሉም ይበራል። እዚህ ላይ መምህሩ ቆም ብሎ «ሁለተኛ አምፖል በተርታ ብንጨምር የመጀመሪያው ብርሃኑ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎች እጅ ያወጣሉ፤ ይከራከራሉ፤ ከዚያ በኋላ አምፖሉ ተጨምሮ ሁለቱም ሲደበዝዙ ያያሉ። ሁለቱ አምፖሎች በጎን ለጎን ሲያያዙ ደግሞ ብርሃናቸው እንደማይቀንስ ይመለከታሉ። ትምህርቱ የሚገኘው ከጥያቄውና ከመልሱ መካከል ባለችው የክርክር ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ ደቂቃዋን ዋጋ እንዲኖራት ያደርጋል እንጂ በራሱ አይፈጥራትም።

የሒሳብ መምህሩም በጂኦጀብራ ተመሳሳይ ዕድል አለው። የካሬ ፈንክሽን ግራፍ የቀመሩ ቁጥሮች ሲለወጡ እንዴት እንደሚሰፋ፣ እንደሚጠብና እንደሚገለበጥ በጠመኔ ለማሳየት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይወስዳል። በኮምፒውተር ግን ቁጥሩን በመዳፊት ማንሸራተት በቂ ነው።

ለአንባቢው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂን ወደ ክፍል ለማስገባት ስትሞክር ይህ የመጀመሪያዋ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በሕዝቡ ዘንድ በአጭሩ «ፕላዝማ» ተብሎ የሚታወቀው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በስፋቱ በአፍሪካ ደረጃ ጥቂት አቻ የነበረው ፕሮግራም ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተላለፉ በመላ አገሪቱ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነትና በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይቀርቡ ነበር። በክፍለ ጊዜው ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉ የቴሌቪዥኑ ሲሆን፣ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው በመግቢያና በመደምደሚያ 10 ደቂቃ ገደማ ነበር። የመርሐ ግብሩ ዓላማ ብቁ መምህር ያላገኘውን የገጠር ተማሪ ከከተማው ጋር እኩል ማድረግ እንደነበረ አይካድም። ፍትሐዊነትን በማስፈን ረገድ የታሰበው ሐሳብ ዛሬም ቢሆን የሚያስመሰግን ነው።

ይሁንና ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ተማሪው ሳይገባው ቢቀር ወይም መብራት ቢቋረጥ ስርጭቱ ይቀጥላል። በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር፣ ተማሪዎቹ የትኛው ላይ እንደተደናቀፉ በዓይኑ እያየ፣ ጣልቃ መግባት ሳይችል ጥግ ይዞ ይቆማል። በጉዳዩ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው ያነሱት ቅሬታም የስርጭቱ ፍጥነት፣ የቋንቋው ክብደትና የመምህሩ ሚና መቀነስ ነው። ዛሬ ስለ ነፃ መሳሪያዎች ሲታሰብ ከፕላዝማው ሊወሰድ የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲሶቹ መሳሪያዎች ከቀድሞው የሚለዩት በምስላቸው ጥራት ሳይሆን፣ ማቆሚያው በመምህሩ እጅ በመሆኑ ነው። ይህ ሥልጣን በአጠቃቀም መመሪያ ወይም በሪፖርት ጥድፊያ ከመምህሩ ከተነጠቀ፣ ነፃው መሳሪያ በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ ፕላዝማ ከመሆን አያልፍም።

ከመምህሩ ውጪ የተሞከረም አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ በወሊሶ በኩል የሚደረስባት ወንጪ፣ ከወለንጪቲ አካባቢ መንደር ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው ድርጅት ሙከራ ያካሄደባት ስፍራ ናት። ማንበብ ያልተማሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን ያለ አስተማሪ ተሰጧቸው፤ ልጆቹም ፈጥነው ከፍተው መጠቀም ጀመሩ። ዜናው በወቅቱ በዓለም ዙሪያ ተናፍሷል። የሕፃናቱ ብልህነት የሚያኮራ ቢሆንም፣ መሣሪያ ከፍቶ መጠቀምና የ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪን መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሙከራው ውስጥ ብዙም ሳይወራለት የቀረው ነገር፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቴክኒሻን በየሳምንቱ ወደ መንደሮቹ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይለውጥ የነበረ መሆኑ ነው። መረጃን በሰው እጅ ማመላለስ ኋላ ቀርነት ሳይሆን በዓለም የታወቀ ተቋም የተጠቀመበት ዘዴ ነው።

በመጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ቫይረስ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለይተዋል። የትምህርት ቢሮዎች በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ትምህርቱን ለማስቀጠል ጥረት ያደረጉ ሲሆን፣ ስልክና ኔትወርክ ያለው ተማሪ ሲጠቀም የሌለው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ማንም ሳያቅደው የመምህራን የጋራ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል ማለት ይቻላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታተሙ መጻሕፍት በበቂ ቁጥር ባልደረሱበት ጊዜ፣ ብዙ ተማሪዎች መጽሐፉን ያገኙት በቴሌግራም ከሚዘዋወረው ቅጂ ነው። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ድረ ገጽ ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ኃላፊዎች መሰል መድረኮችን በጥርጣሬ ማየታቸው የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ በራሱ ፈቃድና በራሱ ዳታ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ከዕቅድ ውጪ አድርጎ፣ ማንም የማይከፍተውን ድረ ገጽ በዕቅድ ውስጥ ማስፈር እውነታውን አይለውጠውም።

«ነፃ» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። መሣሪያው ከክፍያ ነፃ ቢሆንም ዳታው፣ መብራቱ፣ ኮምፒውተሩና የመምህሩ የዝግጅት ሰዓት ነፃ አይደሉም። ለአብነት ያህል 20 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ የትምህርት ቪዲዮ 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ በየስልኩ ቢያወርደው በድምሩ 1 ሺህ ሜጋባይት ይፈጃል። ያንኑ ቪዲዮ አንድ ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ በፕሮጀክተር ቢያሳየው ወጪው ያው 20 ሜጋባይት ነው። ቪዲዮው በፍላሽ ለ10 ትምህርት ቤቶች ቢታደል ደግሞ ተጨማሪ ዳታ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለጉብሬ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ዋነኛው ጥያቄ ኢንተርኔት መቼ ይገባል የሚለው ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ካለበት ግቢ ወደሌለበት ክፍል ትምህርቱን ማን ያደርሰዋል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ለዚህ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ደግሞ እነርሱም ነፃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ኮሊብሪ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። አንድ ተራ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ያገለግላል፤ የካን አካዳሚ መልመጃዎች፣ የፌት ምስለ ሙከራዎችና ሌሎች ይዘቶች አንድ ጊዜ ይጫኑበታል። ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ወይም በኬብል ተገናኝተው ይጠቀማሉ፤ መምህሩም የትኛው ተማሪ የትኛውን መልመጃ እንደጨረሰ ያያል። ኪዊክስ የተባለው ሌላው ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን በሙሉ በኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነምስሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህም በኪስ በሚያዝ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል። የፌት ምስለ ሙከራዎችም በተናጠል ወርደው በማንኛውም የድረ ገጽ ማሰሻ ያለ ኔትወርክ ይከፈታሉ። አዲስ ሕንፃም ሆነ ዓለም አቀፍ ጨረታ አይጠይቁም። የሚፈለገው በበጋም በክረምትም ይዘቱን የሚያድስ፣ ሰርቨሩ ሲበላሽ የሚጠግንና መምህራንን ቀርቦ የሚያለማምድ ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የዩኒቨርሲቲዎች ተልዕኮ አድርጎ ደንግጓል። ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተናን የማስተዳደር ልምድም አካብተዋል፤ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በሚካሄደውና በ50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 800 ሺህ ተማሪዎችንና 35 ሺህ መምህራንን ለመድረስ ባለመው የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም አማካይነት የመምህራን ሥልጠና ተሰጥቷል። ይህ ሁሉ አቅም በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ብቻ እየተሽከረከረ፣ ዩኒቨርሲቲው ነገ የሚቀበላቸው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአጥሩ ማዶ በጠመኔ ብቻ የሚማሩ ከሆነ፣ ኢንቨስትመንቱ ከላይ ወደ ታች አልፈሰሰም ማለት ነው። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ የኮምፒውቲንግ ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባ ድርጅቶች ብቻ ከሚላኩ፣ የተወሰኑት በአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች ሰርቨር እንዲተክሉና እንዲንከባከቡ ቢመደቡ ለዩኒቨርሲቲውም ለትምህርት ቤቶቹም የሚጠቅም ይሆናል።

አካባቢው ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ የተመሠረተው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ተወላጆች ከራሳቸው ኪስ አዋጥተው ከመንግሥት ድጋፍ ጋር እያጣመሩ መንገድ ያሠሩበት፣ በኋላም ወደ ትምህርት ቤት ግንባታ የተሻገሩበት ተቋም እንደነበረ ይታወቃል። ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ መንደር የሚደረገው ጉዞም ከቤተሰብ ጥየቃ ባሻገር የልማት መዋጮ የሚመከርበት አጋጣሚ ሆኖ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት በተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት ለትምህርት ቤቶች ጥገና አስተዋጽኦ አድርጓል። መዋጮው እስካሁን ያዘነበለው ወደ ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር አይቀመጥም። ይሁንና በስጦታ የመጣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰውና የሚተዳደርበት በጀት ሳይመደብለት ሲቀር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ አቧራ ጠጥቶ በመጋዘን ንብረት ዝርዝር ላይ ብቻ እንደሚገኝ የማያውቅ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የለም።

ሌላው ኃላፊዎች በቂ ትኩረት ያልሰጡት ጉዳይ፣ ነፃ የሆነ አገልግሎት ሁሉ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ኤድሞዶ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተና በዓለም ዙሪያ በርካታ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ይገናኙበት የነበረ ነፃ መድረክ፣ በመስከረም ወር 2022 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድርጅቱ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን የግል መረጃ ሰብስቦ ለማስታወቂያ ተጠቅሟል፤ ፈቃድ የማግኘቱንም ግዴታ በትምህርት ቤቶችና በመምህራን ላይ ጥሏል ሲል ከሶታል። ጉግል ጃምቦርድ የተባለውን የጋራ ሰሌዳውን በ2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ዘግቷል። በነዚህ ላይ የተመሠረተ የትምህርት ዕቅድ ሁሉ አብሮ ይዘጋል። በአንጻሩ በኮምፒውተር ላይ ወርዶ የተቀመጠና በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ ይዘት ማንም ሊነጥቀው አይችልም። ከዚህ አኳያ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ስም፣ ስልክና ኢሜይል ከሚጠይቁ መድረኮች ይልቅ፣ ምዝገባ የማይጠይቁትንና ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩትን ቢያስቀድሙ ከወጪም ከሕግም አንጻር ያዋጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪዎችን መረጃ ለማይታወቅ የውጭ ድርጅት አሳልፎ መስጠት የመምህሩ የግል ምርጫ ተደርጎ ሊታይ የሚችልበት ጊዜ አልፏል።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የካን አካዳሚ ቪዲዮ ከመጽሐፉ ጋር በቋንቋ ይገጥማል ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ፕላዝማውን ያደናቀፈው ፈጣን የባዕድ አነጋገር እዚህም ይጠብቃል። ምስለ ሙከራዎች የሚመረጡትም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ አምፖል ሲደበዝዝ ለማየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ ማብራሪያውን መምህሩ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ይሰጣል። በጽሑፍ ረገድ ክፍተቱ ሰፊ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛው ያለው 15 ሺህ ገደማ ነው። ጉራጊኛን በተመለከተ ደስ የሚያሰኝ እርምጃ አለ። ለቋንቋው ጽሕፈት የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት በመስከረም ወር 2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 14ኛ ዕትም ውስጥ ተካተዋል። ይህም ማለት ፊደላቱ በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የራሳቸው ቋሚ መለያ ቁጥር አላቸው፤ በአንዱ መሣሪያ የተጻፈው በሌላው ሊነበብ ይችላል። ተስማሚ ፎንት ያልተጫነባቸው የቆዩ ኮምፒውተሮች ግን በፊደላቱ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚዘጋጅ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ወደ ትምህርት ቤቶች ከመሰራጨቱ በፊት ይህች ትንሽ የምትመስል ጥንቃቄ ካልተወሰደች፣ መምህሩ የሚያየው ሳጥን በሳጥን የሆነ ገጽ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመምህሩ ጊዜ ነው። ለአንድ የ40 ደቂቃ ትምህርት ተስማሚ ምስለ ሙከራ መምረጥ፣ ቀድሞ መሞከር፣ ለክርክር የሚሆኑ ጥያቄዎችን ማዘጋጀት፣ መብራት ቢጠፋ በምን እንደሚተካ ማሰብ የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። የኑሮ ውድነት በከበደበት ጊዜ ይህን ሥራ በበጎ ፈቃድ ብቻ ከመምህር መጠበቅ ተገቢ አይደለም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም በነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና ብዙ ሰው ማስመዝገብ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ከአንባቢያንም መካከል የምስክር ወረቀቱን የያዙ ጥቂት አይደሉም። የምስክር ወረቀት ቁጥር ለሪፖርት ይመቻል። በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተማሪ እጁን አውጥቶ ተከራከረ የሚለው ግን ለሪፖርት አይመችም፤ ስለዚህም አይጠየቅም። ሱፐርቪዥን የሚወጣ ባለሙያ የኮምፒውተሮቹን ብዛት ቆጥሮ ከመመለስ ይልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያይ፣ መሣሪያው ለማስተማር ይሁን ለማሳየት እንደዋለ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይለያል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ነፃ መልስ ሰጪዎችም ተማሪው ስልክ ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ መልሱን ከክርክሩ በፊት ስለሚያቀርቡ፣ ለመምህሩ የሚጨምሩት ሥራ ከሚቀንሱለት ሊበልጥ ይችላል።

በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጉራጌ ዞን የአዲሱ ክልል አካል ሆኗል፤ ቡታጅራን የያዘው ምስራቅ ጉራጌም ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። በአዲስ መዋቅር ውስጥ ያሉ የትምህርት መምሪያዎች ዕቅዳቸውን ገና እየቀረጹ በመሆናቸው አጋጣሚው ጥሩ ነው። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ አንድ ሰርቨር የሚሆን ኮምፒውተርና አንድ ፕሮጀክተር፣ ለጥገና በስሙ የተመደበ አነስተኛ በጀት፣ ኃላፊነቱን ለወሰደ መምህር የሚቀነስ የሳምንት ክፍለ ጊዜ፣ እንዲሁም ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚፈረም የሥራ ስምምነት ነው። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ 1 ሲከፈት ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም በመሆኑ፣ በመካከል ያሉት ሁለት ወራት ይዘቱን በጉብሬ አውርዶ፣ ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ምዕራፎች ጋር አዛምዶ፣ በሃርድ ዲስክ ለየትምህርት ቤቱ ለማድረስ የሚበቁ ናቸው። ስምምነቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተፈረመ ደግሞ ተማሪዎቹ ሌላ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ።